«ስምንተኛው ሺህ» እና «ሺህ ዓመት» አንድ ናቸውን?

ጥያቄ፦ አንዳንድ መምህራን «ስምንተኛው ሺህ ደርሷል» ሲሉ እሰማለሁ፤ ሌሎች ደግሞ «ሺህ ዓመቱ ገና አልመጣም» ይላሉ። ሁለቱ የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው? «ስምንተኛው ሺህ» ማለትስ 8000 ዓመት ማለት ነው? ስለ ጌታ ዳግም ምጽአት ለወጣቶች የሚሆን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ስለሆነ፣ «የዓለም ፍጻሜ» በማለት ፋንታ «ስምንተኛው ሺህ» ብል ስሕተት ይሆናል?

መልስ፦ ሁለቱ አገላለጾች «ሺህ» የሚለውን ቃል ይጋሩ እንጂ ምንጫቸውም የሚያመለክቱት ነገርም የተለያየ ነው። «ስምንተኛው ሺህ» ከዘመን ቈጠራ የወጣ ነው፤ «ሺህ ዓመት» ግን ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 20 የተወሰደ ነው። ጽሑፍዎ ትምህርተ ሃይማኖትን የሚመለከት በመሆኑ ልዩነቱን መጠበቅ ግድ ይላል።

ከቍጥሩ ልጀምር። «ስምንተኛው» የተራ ቍጥር ስለሆነ «ስምንተኛው ሺህ» ከሺዎቹ መካከል በተራ ስምንተኛ የሆነውን ያመለክታል፤ «ስምንት ሺህ» ግን ድምርን ይናገራል። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ከ1901 እስከ 2000 ያለውን መቶ ዓመት እንደሚይዝ ሁሉ፣ ስምንተኛው ሺህም ከ7001 እስከ 8000 ያለውን ዘመን በሙሉ ይይዛል። ቈጠራው የሚጀምረው ከዓለም ፍጥረት ሲሆን፣ በባሕረ ሐሳብ (በቤተ ክርስቲያን የዘመን ማስሊያ) ሥርዓት ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ይታሰባል። ስለዚህ ዓመተ ዓለምን ለማግኘት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 እንጨምራለን፤ 2000 ዓመተ ምሕረት 7500 ዓመተ ዓለም ነበር ማለት ነው። በዚሁ ስሌት ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓመተ ምሕረት ነው፤ የሚፈጸመውም በ2500 ይሆናል። እንግዲህ ቃሉን በቈጠራ ትርጕሙ ከወሰድነው የምንኖረው ከገባ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ በሆነው ስምንተኛ ሺህ ውስጥ ነው፤ «ሊመጣ ነው» ብሎ መናገርም በዚህ ትርጕም አያስኬድም።

ታዲያ የዘመን ስም የነበረው ቃል እንዴት የፍጻሜ ስም ሆነ? መነሻው እግዚአብሔር ዓለምን በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ማረፉ፣ በመዝሙረ ዳዊትና በሁለተኛው የጴጥሮስ መልእክት ምዕራፍ 3 ደግሞ ሺህ ዓመት በጌታ ዘንድ እንደ አንድ ቀን መባሉ ነው። ከጥንት ክርስቲያን ጸሓፊዎች አንዳንዶቹ እነዚህን ንባባት አገናኝተው የዓለምን ዕድሜ በሺህ ዓመት «ቀኖች» ከፈሉት። በበርናባስ ስም የሚታወቀው ጥንታዊ መልእክት ነገር ሁሉ በስድስት ሺህ ዓመት እንደሚፈጸም፣ ከሰባተኛው ዕረፍት በኋላም ስምንተኛው ቀን የሌላ ዓለም መጀመሪያ እንደሚሆን ይናገራል። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው የቤተ ክርስቲያን ጸሓፊ አቡሊዲስ (ሂፖሊተስ) ደግሞ ትንቢተ ዳንኤልን ሲተረጕም ጌታ በ5500 ዓመት እንደ ተወለደ ጽፏል፤ ለዚህም የቃል ኪዳኑን ታቦት ርዝመት ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱን አንድ ክንድ ተኩል፣ ቁመቱንም አንድ ክንድ ተኩል ደምሮ አምስት ክንድ ተኩል ማግኘቱን በምሳሌነት አቅርቧል። እስከ ስድስት ሺህ ገና ብዙ ዓመት እንደ ቀረ በማሳየት የዓለም ፍጻሜ ዛሬ ነገ ነው ብለው ይጨነቁ የነበሩትን ማረጋጋቱ፣ የዘመን ቈጠራ ሁልጊዜ ለማስፈራራት ብቻ እንዳልዋለ የሚያሳይ በመሆኑ ሊታወስ የሚገባው ይመስለኛል።

ስድስቱ ሺህ ሲያልፍ ተስፋውም ፍርሃቱም ወደ ሰባተኛው ሺህ ማብቂያ ተሻገረ። በቢዛንታይን (በምሥራቅ ሮም መንግሥት) ቈጠራ 7000 ዓመት የተፈጸመው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1492 ኦገስት መጨረሻ ላይ ነበር። በሩስያ የፋሲካ ሰንጠረዦች ከዚያ ዓመት አላለፉም ነበርና የሞስኮው ሜትሮፖሊታን (ሊቀ ጳጳስ) ዞሲማ ለስምንተኛው ሺህ አዲስ የፋሲካ ስሌት ማዘጋጀት ነበረበት። የስምንተኛው ሺህ ሐሳብ በአማርኛ ብቻ የተወሰነ አለመሆኑን ይህ በሚገባ ያስረዳል።

በአማርኛ ንግግር ግን ቃሉ ከስሌቱ ርቆ ሄዷል። ልጅ በአባቱ ላይ እጁን ሲያነሣ ወይም ወንድም ወንድሙን ሲክድ የሰማ ሰው «ስምንተኛው ሺህ ነው!» ሲል ዓመት እየቈጠረ አይደለም፤ ከፍጻሜው በፊት ይመጣል ተብሎ የሚጠበቀው የፍቅር መቀዝቀዝና የሥርዓት መፍረስ በዓይኑ እንደ ታየው መናገሩ ነው። ለበርናባስ መልእክት ጸሓፊ የአዲስ ዓለም መባቻ የነበረው ስምንተኛ፣ በእኛ አንደበት የአሮጌው ዓለም የክፋት ጫፍ ሆኗል። ይህ የትርጕም ለውጥ ጥፋት ነው አልልም፤ በልብ ወለድም ሆነ በዕለት ተዕለት ንግግር ውስጥ ቃሉ በዚህ ትርጕም ሕያውና ኀይለኛ ነው። «ደረሰ» የሚለው ግስ መለመዱም የራሱ ምክንያት አለው። «ፋሲካ ደረሰ» ስንል በዓሉ መቃረቡን ጭምር እንደምንናገር ሁሉ፣ «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» የሚለውም የገባውንና ሊገባ የተቃረበውን በአንድነት ይይዛል። «ገባ» ቢባል ግን ትርጕሙ ወደ ቈጠራው ያጋድላል።

«ሺህ ዓመት» ሌላ ነው። በራእይ 20 ሰይጣን ሺህ ዓመት እንደሚታሰር፣ ቅዱሳንም ከክርስቶስ ጋር ሺህ ዓመት እንደሚነግሡ ተጽፏል። ሄሬኔዎስን የመሰሉ ቀደምት አባቶች ይህን በምድር ላይ ወደፊት የሚሆን መንግሥት አድርገው ተረድተውታል፤ አውግስጢኖስ ግን የቤተ ክርስቲያንን የአሁን ዘመን የሚያመለክት ምሳሌያዊ ቍጥር አድርጎ ተርጕሞታል። ዛሬም አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ይለያያሉ፤ «ሺህ ዓመቱ ገና አልመጣም» ያለዎት መምህር የመጀመሪያውን መንገድ የሚከተል ሳይሆን አይቀርም። «የሺህ ዓመት መንግሥት» ብለው ሲጽፉ የየትኛውን ወገን አተረጓጐም እንደሚያቀርቡ መግለጽ ይኖርብዎታል።

ወደ ጽሑፍዎ ስንመለስ፣ «ስምንተኛው ሺህ»ን በ«የዓለም ፍጻሜ» ቦታ እንዲያስገቡት አልመክርም። ዋናው ምክንያቴ ቃሉ ሳይታወቅ ቀን ቈርጦ ማምጣቱ ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ግን ያችን ቀንና ሰዓት ከአባት በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ተነግሯል። ስለ ጌታ መመለስ ሲጽፉ «ዳግም ምጽአት» ይበሉ፤ «ምጽአት» ብቻውንም በልማድ ይህንኑ ስለሚያመለክት አንባቢ አይሳሳትም። ስለ ዓለም ማለፍ ሲጽፉ «ኅልፈተ ዓለም» ወይም «የዓለም ፍጻሜ»፣ ስለ ሙታን መነሣት «ትንሣኤ ሙታን» የሚሉት አሉልዎት። «ስምንተኛው ሺህ»ን የሰዎች አነጋገር አድርገው መጥቀስ ከፈለጉ ደግሞ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተው፣ ለምሳሌ «ብዙዎች ይህን የመከራ ጊዜ ‹ስምንተኛው ሺህ› ይሉታል» ብለው ቢጽፉ የቃሉም ወዝ አይጠፋም፣ ትምህርቱም አይዛባም።