መልስ፦ ከቤተሰብ ጋር የሚታይ፣ ብዙ ያልተወራለት ድራማ

ጅማ ቤታችን ውስጥ ከልጆች ጋር የምናየው፣ ብዙ ያልተወራለት የአገራችን ድራማ ጠቁሙኝ ላልከው ወንድሜ፣ በዳይሬክተር ያሬድ ዘለቀ ፊልም «ላምብ» (እ.ኤ.አ. 2015) ጀምር። 94 ደቂቃ ነው። እናቱን ያጣ ልጅ ከበጉ ጋር ዘመድ ቤት ይቀራል፤ ሐዘኑ የሚነገረው ከቃል ይልቅ በዝምታ ነው።

የዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) ለእኔ ይበልጣል። ግን 140 ደቂቃ ነው፣ ከባድ ትዕይንቶችም አሉት፤ ትንንሾቹ ከተኙ በኋላ እዩት። ታሪኩ በዘመን ወዲያና ወዲህ ስለሚል መሀል ላይ የገባ ሰው ግራ ይጋባል።

የእነዚህ ፊልሞች ንግግር ዝግ ያለ ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይዋጣል፤ ስፒከሩን ወደ መቀመጫችሁ አስጠጋው። የግርጌ ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ ደግሞ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ቪኤልሲ (ቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም) ላይ የ«ኤች» (H) ቁልፍን ተጫን፤ በተጫንከው ቁጥር ጽሑፉን 50 ሚሊሰከንድ ያዘገየዋል።