«አብልተን እንመለሳለን፣ ወዳጅ ግን አላፈራንም»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አቶቴ ነው የምኖረው። በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ኅብረት ውስጥ አገለግላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገንዘብ አዋጥተን ፓስታ በሥጋ እንሠራለን። ማታ በፌስታል ቋጥረን፣ በባጃጅ እየዞርን ፒያሳና መናኸሪያ አካባቢ ለሚያድሩ የጎዳና ተዳዳሪዎች እናድላለን። ስንጀምር «ምግብም ወዳጅነትም እንሰጣለን» ብለን ነበር። ምግቡ አለ፣ ወዳጅነቱ ግን የለም። ይቀበሉናል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ፣ ዞር ይላሉ። አንዳንዱ ቀና ብሎም አያየንም። ባለፈው ደግሞ አንድ ልጅ የሰጠነውን ለሌላ ሲሸጥ አየነውና ቅስማችን ተሰበረ። መሪያችን «ከማብላታችን በፊት ቃል እንስበክላቸው» ይላል። ሌላው «ቀርፀን ቲክቶክ ላይ እንልቀቀው፣ ሰው ይረዳናል» ይላል። እኔ ግራ ገብቶኛል። ምን ይሉናል?
ም. ነኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ቅስምሽን የሰበረው ሽያጩ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

መናኸሪያ አካባቢ ለብዙ ዓመት ሽሮ ቤት ነበረኝ። ማታ ማታ ጓሮ በር ላይ የሚቆሙ ልጆች ነበሩ። ከሳህን የተረፈውን ቡሌ ይሉታል። ቡሌ ዋጋ አለው፣ ይቸረቸራል። አሁን አስቢው። ቅዳሜ ማታ የምትወጡት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ሌላም ኅብረት ይወጣል፣ የሠርግ ትራፊ የጫነም ይመጣል። ሦስተኛ ፌስታል የደረሰው ልጅ ምን ያድርገው? ፍሪጅ የለው። ሸጦ ነገ ቁርሱን ይበላበታል። እኔም ብሆን እሸጠዋለሁ።

ስለዚህ ቀኑን ቀይሩት። ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሲነግሥ ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል። ያን ዕለት በዚህ ከተማ ጦሙን የሚያድር ነዳይ ማግኘት ይከብዳል። ፋሲካም እንደዚያው ነው። ችግሩ ማግስቱ ላይ ነው። ክረምት፣ ማክሰኞ ማታ፣ ዝናቡ ሲወርድ ማንም ባጃጅ ይዞ አይወጣም። እናንተ ያን ማክሰኞ ያዙ። ከያዛችሁ ደግሞ አትልቀቁ። ከተማውን ሁሉ መዞርም ይቅር። አንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁልጊዜ። ዛሬ የሚመጣ፣ ነገ የሚጠፋ ሰው በጎዳና ላይ ሞልቷል። እነሱም ከእንዲህ ያለው ሰው ጋር ወዳጅነት ለመጀመር አይቸኩሉም።

ሥጋውንም ተዉት። በአጻጻፍሽ የወንጌል አማኞች ትመስሉኛላችሁ፣ እኔ የገብርኤል ደጅ ሳሚ ነኝ። ይሄ ነገር የሚታየኝ በዚያ ይሆናል። አንድ ዓርብ ማታ ያየሁትን ልንገርሽ። ከቤቴ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ የሚያድሩ አንድ አባት ነበሩ። በጉልበታቸው ዘመን መናኸሪያ ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ ነበሩ። ወጣቶች መጡና ሳንዱች ሰጧቸው። ዳቦውን በሁለት ጣታቸው ከፈት አድርገው አሸተቱት። «ልጄ፣ ዓርብ እኮ ነው» አሉና መልሰው ዘረጉለት። ልጁ «አባባ፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን አይቆጥርም፣ ይብሉት» አላቸው። መልስ አልሰጡትም። ካርቶናቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ቤትም መታወቂያም የሌላቸው ሰው ናቸው። ጾማቸው ግን የራሳቸው ነበረች።

ረቡዕና ዓርብ አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና። ሙስሊሙ ደግሞ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ በረመዳንም ፀሐይ ሳትጠልቅ አይቀምስም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች በዘይት ይዛችሁ ብትወጡ ሁሉም ይበላላችኋል። ወጪውም ይቀልላችኋል። ሌላም ነገር አለ። በሐዋሳ ሙቀት ሥጋ ያለበት ፓስታ ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ከተማ ሲዞር ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል። የበሰለ ምግብ ከእሳት ወርዶ ለብ እንዳለ ከ2 ሰዓታት በላይ ከቆየ ተሕዋስያን ይራቡበታል። ያመመው የጎዳና ሰው ደግሞ መፀዳጃ የለው፣ ንጹህ ውሃ የለው። ድስቱን እንዳለ በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ፣ ትኩሱን ይዛችሁ ውጡ። እዚያው ይጨለፍ።

ወደ ወዳጅነቱ ልምጣ። ፌስታሉን የቋጠራችሁት ይዘው እንዲሄዱ አይደለም እንዴ? ይዘው ሄዱ።

እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ እጁ ይታጠባል። ጆግና ሳፋ ያዙ፣ ሳሙናና ፎጣ ያዙ። ሽማግሌም ይሁን ትንሽ ልጅ፣ ጎንበስ ብለሽ ውሃ አፍስሺለት። ያኔ ፊት ለፊት ትተያያላችሁ። ስም የሚጠየቀው ያኔ ነው፤ የራስሽንም ስም አስቀድመሽ ንገሪ። ማስቲሽ የያዘው ልጅ ሳይቀር ሁለት እጁን ለመዘርጋት ሃይላንዷን ብብቱ ሥር ይሸጉጣታል። አውራ ጣቱ ላይ ያመረቀዘ ቁስል ይኖራል፣ ታዪዋለሽ። ትኩሳት ያለበትንም ሰው እጁ ይናገርበታል፣ በዚህ ከተማ ወባ እንደሆነ ሩቅ አይደለችም። ፌስታል ስታቀብሉ ይሄ ሁሉ ያመልጣችኋል።

ከታጠቡ በኋላ ምንጣፍ ወይም ማዳበሪያ አንጥፉ። በትሪ አቅርቡና አራት አምስት ሆናችሁ ክበቡት። እናንተም ብሉ። እንደናንተ ያሉ ልጆች ሲያድሉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰውየው የተሰጠውን ይፈታና «እንብላ» ይላቸዋል። ልጆቹ «በልተናል፣ ይብሉ» ብለው ቆመው ያዩታል። ሰው እያየው መጉረስ የሚወድ ማን ነው? ቤታችሁ እንግዳ መጥቶ አንቺ ከራሱ ላይ ቆመሽ ብታዪው እናትሽ ምን ትልሽ ነበር? «እንብላ» ያለሽ ሰው ጋብዞሻል። ቁጭ በይና ጉረሺ። ከአንድ ትሪ መብላት የሚከብደው ሰው ከመካከላችሁ ካለ አይገደድ። ለሁሉም በየሳህኑ ይቅረብና አብሮ ይቀመጥ። መቀመጡ አይቅርባችሁ እንጂ ትሪው ቢቀር ግድ የለም።

ሮም ውስጥ ሳንት ኤጂዲዮ የሚባል የካቶሊክ ምእመናን ማኅበር አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ተማሪዎች የጀመሩት ነው። በ1982 የገና ዕለት ትራስቴቬሬ በሚባለው ሰፈር፣ የቅድስት ማርያም ባዚሊካ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ጥቂት ድሆችን ምሳ ጋበዙ። ያ ምሳ ዛሬ በብዙ አገር ይደገማል፣ አገልጋዩና እንግዳውም በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ያስቀናል። ግን ለኛ ሩቅ አይደለም። የዝክር ጠበል ጸዲቅ ላይ ባለጸጋውና ነዳዩ አንድ አጥር ጥግ ሲቀመጡ ነው ያደግነው። አሁን አሁን ነዳዩን በር ላይ በፌስታል መሸኘት የለመድነው እኛው ነን።

ስለ ስብከቱ። መሪያችሁን አከብራለሁ፣ ልቡም ቀና እንደሆነ ይገባኛል። ግን የራበው ሰው ድስቱን እያየ የሚሰማው ስብከት ለምሳው የሚከፍለው ሒሳብ ይሆንበታል። «አሜን» ይላችኋል፣ ምን ምርጫ አለው? ማቴዎስ 25 ላይ «ተርቤ አብልታችሁኛልና» ይላል፣ ሌላ ቅድመ ሁኔታ አልተጻፈበትም። የሐዋርያት ሥራ 6ንም አብራችሁ አንብቡ። በየዕለቱ ምግብ ሲታደል መበለቶቻችን ችላ ተባሉ የሚል ማጉረምረም ተነሣ። ሰባት ሰዎች ለማዕዱ ተመረጡ፣ አንዱ እስጢፋኖስ ነው። ለማዕድ የተመረጡት በመንፈስና በጥበብ የሞሉት ናቸው እንጂ ሥራ ፈቶቹ አይደሉም። ጸሎት ይሁን ካላችሁ በዕድሜ የሚበልጡት እንግዳ ይመርቁ። ሙስሊም ከሆኑም እሳቸው ይመርቁ። ሲመርቁ ድምፃቸው እንዴት እንደሚለወጥ ትሰሚዋለሽ። ስለ እምነታችሁ ደግሞ ሲላመዷችሁ ራሳቸው ይጠይቋችኋል። ያኔ ንገሯቸው።

ቪዲዮው ይቅር። ከቤት ጠፍታ የመጣች ልጅ አለች፣ የሸሸችው ሰው ያያታል። ለእናቱ «ሐዋሳ ሥራ ይዣለሁ» ብሎ የደወለ ልጅ አለ። «ቀኝ እጅህ የምትሠራውን ግራ እጅህ አትወቅ» የሚለውን እያነበብን እንዴት ነው አገር ሁሉ እንዲያውቅ የምንለቀው? ገንዘብ ማሰባሰብ ካለባችሁ ሽንኩርት ስትልጡ ተቀረፁ። እንባችሁም አብሮ ይታያል።

ሁለት ነገር ጨምሬ ልተውሽ። የሱቅ ዘበኞችን ተዋወቁ። ማን እንደታመመ፣ ማን ትናንት እንደተደበደበ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሴቶቹ ደግሞ ማታ ማታ ወንድ በበዛበት ሰልፍ ላይ አይመጡላችሁም። ሁለት ሴቶች ሆናችሁ በቀን ፈልጓቸው፣ ሞዴስ ይዛችሁ። ምግብ ብቻ የሚያስፈልጋቸው አይምሰላችሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ለዓመታት በረንዳ አዳሪ ነበርኩ። እግዚአብሔር ረድቶኝ ዛሬ ቤት ተከራይቼ ባጃጅ እነዳለሁ። በቤተ ክርስቲያኔ ጎዳና ላይ ላሉት የሚያበሉ ሰዎች አሉ። መቀላቀል እፈልጋለሁ፣ ግን ፈራሁ። የድሮ ጓደኞቼ «ሰው ሆንክብን» ይሉኛል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ታሪኬን ቢሰሙ በሌላ ዓይን ያዩኛል። ምን ይመክሩኛል?
ተ.፣ ከታቦር

መልስ፦ ልጄ፣ ታሪክህ ያንተ ነው። ለማን እንደምትነግረው አንተ ትመርጣለህ። ምስክርነት ስጥ ብለው መድረክ ላይ ሊያወጡህ ይሞክሩ ይሆናል። ካልፈለግህ እምቢ በል፣ ነውር የለውም።

ግን ሂድ። አንተ የምታውቀውን እነሱ አያውቁትም። የተኛን ሰው እግሩን ነካ አድርጎ መቀስቀስ እንደማይገባ ማን ይነግራቸዋል? ሌባ ወይም ደንብ አስከባሪ የመጣ መስሎት ተስፈንጥሮ ይነሣል። ራቅ ብሎ በስሙ መጥራት ነው። ጫማውን ከራሱ ሥር የሚያደርገው ለምን እንደሆነ፣ የትኛው በረንዳ ዝናብ እንደማይገባው፣ ዘበኛው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያስነሣ፣ ማን ከማን እንደተጣላና አንድ ትሪ ላይ መቀመጥ እንደሌለበት የምታውቀው አንተ ነህ። እነዚያ ልጆች ይሄን በራሳቸው ለመማር ብዙ ይፈጅባቸዋል።

የድሮ ጓደኞችህ ይተርቡሃል። አንተም ተርባቸው፣ ቋንቋው አልጠፋህም። ብር ይጠይቁሃል። የምትችለውንና የማትችለውን ከወዲሁ ወስነህ ሂድ፣ እዚያ ቆመህ አትደራደር። ባጃጅህ ደግሞ ብዙ ትሠራለች። የታመመውን ጤና ጣቢያ አድርስና ካርድ እስኪወጣለት አብረኸው ቁም። ብቻውን ከሄደ በር ላይ «ሽታህ» ተብሎ የሚመለስ አለ። አጠገቡ ልብሱ ንጹህ የሆነ ሰው ካለ ያስገቡታል። ያናድዳል፣ ግን እንደዚያ ነው። የነፃ ሕክምና ወረቀት ከቀበሌ ለማውጣት መመላለስ አለ፣ እሱንም የሚመላለስለት ሰው ይፈልጋል። ከላይ የጻፈችው የአቶቴዋ ልጅ ማኅበርም ባጃጅ የሚነዳ፣ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ሳያስፈልገው አይቀርም። ሁለታችሁም ከፈቀዳችሁ በዝግጅት ክፍሉ በኩል አገናኛችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ከሥራ ስወጣ ፍቅር ሐይቅ መንገድ ላይ ሁልጊዜ የሚለምነኝ ትንሽ ልጅ አለ። ማስቲሽ ይስባል። ብር ብሰጠው በሱ እንደሚገዛበት አውቃለሁ። ባልሰጠው ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። አንድ ቀን ሃይላንዷን ነጥቄ ልጥልበት አሰብኩ።
አባት ነኝ

መልስ፦ አይንጠቁት። አያባርሩት። ማስቲሽ የሳበ ልጅ ሲደነግጥና ሲሮጥ የልብ ምቱ ሊዛባ ይችላል፣ በዚያው የሚቀርም አለ። ደግሞም ነገ ሌላ ይገዛል፣ እርስዎን ግን ይሸሽዎታል። ያንን ነገር የሚስበው ረሃብና ብርድ ስለሚያስረሳው ነው። ብሩን ይተዉትና አብረውት ሻይ ቤት ይግቡ። የሚበላውን እሱ ይዘዝ። ከቻሉ ጠዋት ያግኙት፣ ጠዋት ጭንቅላቱ ጥርት ይላል፣ ከየት እንደመጣና ማን እንዳለው ሊነግርዎት ይችላል። የመጀመሪያው ቀን ላይ አይጠይቁት። የባለ ሻይ ቤቷን ፊት አስቀድመው ይመልከቱ፤ ልጁን የምታባርር ከሆነች ሌላ ሻይ ቤት ይፈልጉ።