የመጀመሪያ ሬንጅፋይንደር ካሜራ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ባለፈው እሑድ ወደ አቃቂ ፎቶ ልናነሣ ከወጣነው መካከል አምስት ሰዎች በየተራ ጎተት እያደረጉ «የመጀመሪያ ሬንጅፋይንደር ልገዛ ነው፣ የትኛው ይሻላል?» አሉኝ። አንድን መልስ አምስት ጊዜ መመለስ ሰልችቶኛል። ዛሬ ማታ ቱሉ ዲምቱ መብራት እስካለ ድረስ ተቀምጫለሁ፤ ሁላችሁም በአንድ ላይ ጠይቁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በሬንጅፋይንደር የምታዩት በሌንሱ ውስጥ አይደለም፤ ከጎን ባለች ትንሽ መስኮት ነው። መስኮቷ መሐል ላይ ያለውን ድርብ ምስል አንድ ስታደርጉት ፎከሱ ተስተካከለ ማለት ነው። እንግዲህ የሌንሱ ክዳን ቢዘጋም ባይዘጋም በመስኮቷ ሁሉም ነገር ደምቆ ይታያችኋል። ክዳኑን አንሡ።

የለገጣፎው፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? ለመንገድ ፎቶና ለልጆቼ የሚሆነኝ የትኛው ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ሌንሱ የማይፈታ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠራ የጃፓን ካሜራ ፈልግ። ካኖኔት ኪውኤል17 ጂ3፣ ኦሊምፐስ 35 አርሲ፣ ያሺካ ኤሌክትሮ 35። ሦስቱም ሻተራቸው፣ ማለትም ፊልሙ ላይ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ሌንሱ ውስጥ ያለ ብረት ስለሆነ ድምፁ የተኛ ሕፃን አይቀሰቅስም። ልዩነታቸው ባትሪ ሲያልቅ ይታያል። ካኖኔትና ኦሊምፐስ ያለ ባትሪም በሁሉም የሻተር ፍጥነት ይሠራሉ፤ የሚጠፋው የብርሃን መለኪያቸውና አውቶማቲኩ ብቻ ነው። ያሺካ ግን ያለ ባትሪ 1/500 ሰከንድ ላይ ብቻ ነው የሚተኩሰው። ሌንሱ ግሩም ነው፤ ነገር ግን የሚፈልገው ባለ 5.6 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ከገበያ ስለጠፋ ባለ 6 ቮልት ገዝተህ ክፍተቱን በሽቦ ጥቅልል መሙላት አለብህ። ስለዚህ ለአንተ ሦስተኛ ነው።

የሰበታው፦ ዋጋቸው ስንት ነው?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም። ዛሬ የምነግርህን ነገ ሻጩ ይስቅበታል።

የጀሞዋ፦ ላይካ ካልሆነ ሬንጅፋይንደር አይባልም የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ የሚሉሽ ሰዎች ይግዙልሽ። የላይካ ኤም3 በ1954 ወጣ፣ ኤም6 በ1984፤ ሁለቱም ድንቅ ናቸው። ኤም3 የብርሃን መለኪያ የለውም። ለመጀመሪያ ካሜራ ያንን ያህል ገንዘብ ካወጣሽ ደግሞ ከቤት ይዘሽው መውጣት ትፈሪያለሽ፤ ያን ጊዜ የሚያነሣው ቁም ሳጥንሽን ነው።

የቡራዩው፦ ጋሼ፣ አጎቴ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ያመጣው ካሜራ ሻንጣ ውስጥ አገኘሁ። ፊቱ ላይ በሩሲያ ፊደል «ኪየቭ» ይላል። የመለያ ቁጥሩ በ74 ይጀምራል። ይሠራል? ልጣለው?

መልስ፦ ልጣለው? ቆይ፣ ሻይ ጥጄ ልመለስ።

ተመለስሁ። የያዝከው ካሜራ አባቱ ጀርመን ነው። ዛይስ ኢኮን የተባለው ፋብሪካ ኮንታክስ 2 የሚባል ካሜራ በ1936 አወጣ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ሶቪየቶች ማሽኑንና ዕቃውን በካሣ መልክ ወስደው ኪየቭ ከተማ አርሴናል ፋብሪካ ተከሉት፤ ያንኑ ካሜራ ስም ቀይረው ለዐሥርት ዓመታት ሲሠሩት ኖሩ። ድርቡን ምስል የሚሠሩት የሁለቱ መስኮቶች ርቀት 90 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ መስኮቶቹ በተራራቁ ቁጥር ርቀትን በትክክል ይለካሉ፣ በዚህ ከብዙ ውድ ካሜራዎች አያንስም። ፊልሙን የሚጋርደው የሻተሩ መጋረጃ እንደ ሌሎቹ ጨርቅ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የብረት ዝርዝር ነው፤ ስለዚህ የእኛ ፀሐይ አታቃጥለውም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አያያዙን ተማር። ቀኝ እጅህን እንደ ሌላ ካሜራ ካሳረፍከው ጣትህ የርቀት መለኪያውን መስኮት ይሸፍነዋል፤ ከዚያ «ድርብ ምስሉ ጠፋ፣ ተበላሽቷል» ብለህ ትጽፍልኛለህ። ጣቶችህን ሰብስበህ ከመስኮቱ በታች አሳርፋቸው፤ መካከለኛው ጣት ከላይ ያለችውን ጥርሳም ጎማ ያዙር። ጎማዋ አልዞር ካለች አትታገላት፤ ሌንሱ መጨረሻው ርቀት ላይ ተቆልፏል፣ አጠገቧ ያለችውን ትንሽ ምላስ ተጫን። ፊልሙን ጠምዝዘህ ሻተሩን ሳትወጥር ፍጥነት አትለውጥ። አጎትህ በሕይወት ካሉ እጃቸውን ሳምልኝ።

የቡራዩው፦ አሉ፣ ይመስገን። ታዲያ 74 ማለት የ1974 ዓ.ም. ነው?

የኮዬ ፈጬው፦ በእነርሱ አቆጣጠር ነው እንጂ። በእኛ 1967 ነው።

የሰበታው፦ 1966ም ሊሆን ይችላል። ከመስከረም በፊት ተሠርቶ ከሆነ።

የኮዬ ፈጬው፦ እንግዲህ ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት ይሁን በኋላ ካሜራው ያውቃል።

የሱሉልታው፦ አጎቱ የሄዱት ግን በደርግ ጊዜ ነው፤ አሮጌ ገዝተው ነው ማለት ነው።

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተሠራበት ዓመት ናቸው፣ በፈረንጅ። የአጎቱን ታሪክ አጎቱ ይንገሩት። ቀጥሉ።

የገላኗ፦ ኦሊምፐስ 35 አርሲ ገዝቼ የመጀመሪያውን ፊልም አሳጠብሁ። 36ቱም ባዶ ነው፤ ኔጋቲቩ እንደ መስተዋት ያሳያል።

መልስ፦ በፊልሙ ጠርዝ ላይ ቁጥርና ጽሑፍ ይታያል?

የገላኗ፦ አዎ፣ በግልጽ።

መልስ፦ እንግዲያው አጣቢው ንጹሕ ነው። የጠርዙ ጽሑፍ ከወጣ እጥበቱ ሠርቷል፤ ብርሃን ነው ፊልሙ ጋር ያልደረሰው። ክዳኑን ሳታነሺ ነው ያነሣሽው። ከላይ ብያለሁ።

የሱሉልታው፦ ጥሩ ካሜራ ቢጠቁሙን?

መልስ፦ ለምን? ለሠርግ? ለወፍ? ለጥርስ ሐኪም? ከላይ ያለውን አንብብ።

የቃሊቲዋ፦ አንድ ነጋዴ ዞርኪ 4 የሚባል የሶቪየት ካሜራ አሳየኝ። ልገዛው ስል ምን ምን ልይ?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው።

በቀን ሂጂ። መጀመሪያ የኋላ ክዳኑን ክፈቺና ሌንሱን አውልቂ፤ መጋረጃውን በፀሐይ አንጻር ይዘሽ ቀስ ብለሽ አዘንብዪው። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን ካየሽ መጋረጃው ተቃጥሏል። ይህን በደንብ የማውቀው በራሴ ጥፋት ነው። የሴት ልጄ ክርስትና ዕለት ጨርቅ መጋረጃ ያለውን ካሜራዬን ክዳን ሳላደርግ፣ ሌንሱን ወደ ሰማይ አድርጌ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ጠበል ልቀምስ ገባሁ። ሬንጅፋይንደር እንደ ሌላው ካሜራ ከሌንሱ ኋላ መስተዋት የለውም፤ ሌንሱ የፀሐይዋን ብርሃን ሰብስቦ በቀጥታ ጨርቁ ላይ ያሳርፋል፣ ልክ ልጆች በማጉያ መነጽር ወረቀት እንደሚያቃጥሉት። ከዚያ በኋላ ባነሣሁት ፎቶ ሁሉ የእናቷ ነጠላ ላይ ሁለተኛ ጨረቃ የመሰለ ነጭ ነጥብ አለ። እስካሁን አልበሙ ውስጥ ነው። ፎቶ ስታነሡ ክዳኑን አንሡ፣ ካሜራውን ስታስቀምጡ ክደኑ።

ቀጥሎ ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙረሽ በውስጡ ተመልከቺ። አቧራ ምንም አይደለም። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካለ ሻጋታ ነው፤ ትተሽው ሂጂ።

የርቀት መለኪያውን ለማረጋገጥ ደግሞ ነጋዴው ሱቅ ውስጥ ያለ ግድግዳ አይበቃም። ሌንሱን መጨረሻው ርቀት ላይ አድርጊና ሩቅ ያለ የመብራት ምሰሶ ተመልከቺ፤ ድርቡ አንድ መሆን አለበት። ሻጩ ካሜራውን ለአንድ ሌሊት የሚያምንሽ ከሆነ በጨረቃ ፈትኚው፤ ሁለት ጨረቃ ካየሽ መለኪያው ተዛብቷል። ትንሽ ከሆነ ይስተካከላል፤ ቅናሽ ጠይቂበት።

ዞርኪ ስለሆነ በተለይ፦ ፊልሙን ሳትጠመዝዢ ፍጥነቱን ፈጽሞ አትለውጪ። ነጋዴው ፊትሽ ላይ ሳይጠመዝዝ መዘውሩን ካሽከረከረ አመስግነሽ ውጪ።

የሱሉልታው፦ የጃፓኖቹስ ምን ይታያል?

መልስ፦ ያው ነው፤ መጋረጃው ብቻ አይመለከታቸውም። የኋላው ክዳን ጠርዝ ላይ ያለው ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት እንደ ሬንጅ ይለጠፋል። በጥርስ መፈልፈያ ጠርገህ ጥቁር የሱፍ ክር ለጥፍበት። ለካኖኔት ባትሪ ባለ 1.5 ቮልቱን አታስገባ፣ መለኪያው ያሳስትሃል፤ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ላይ የሚገባው 675 በ1.4 ቮልቱ ይቀርበዋል።

የጀሞዋ፦ እናቴ ረከቦቱ ጋር ተቀምጣ ቡና ስታፈላ ላነሣት እፈልጋለሁ። በስልክም ሳነሣት ፊቷ ይጨልማል።

መልስ፦ ነጠላ ለብሳለች፣ አይደል? የብርሃን መለኪያ ሰው አያውቅም፤ የሚያየውን ሁሉ ግራጫ ማድረግ ነው ሥራው። ነጩን ነጠላ አይቶ «ብርሃን በዛ» ይላል፣ ይቀንሳል፤ የሚከፍለው የእናትሽ ፊት ነው። ስለዚህ አውቶማቲኩን ተዪው። ቀረብ ብለሽ ፊቷን ብቻ ለኪ፤ ወይም መለኪያውን ነጠላው ላይ አድርጊና ከሚነግርሽ የሌንሱን ቀዳዳ ሁለት ደረጃ ክፈቺ፣ ኤፍ 8 ካለ ኤፍ 4 (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ኔጋቲቭ ፊልም ትንሽ ብርሃን ቢበዛበት ይቅር ይላል፣ ቢያንሰው ግን ጥቁሩ ጭቃ ይሆናል። እናትሽን መስኮቱ ከጎኗ እንዲሆን አስቀምጫት፤ ከኋላዋ አይሁን። ፊልሙ ለትንሽ ብርሃን የሚሆነው 400 ይሁን፣ 1/30፣ ኤፍ 2 ግድም፣ ክርንሽን ጉልበትሽ ላይ አሳርፊ። ጭሱ ከጀበናው አፍ ሲወጣ አትቸኩዪ። ስትቀዳ ሳይሆን ሲኒውን ስታነሣ ጠብቂያት፣ ያን ጊዜ ቀና ትላለች። ፍላሽ እንዳትነኪ።

የኮዬ ፈጬው፦ መንገድ ላይ ሰው ሳያስፈቅዱ ማንሣትስ?

የሱሉልታው፦ ካስፈቀድክ እኮ ፊቱን ያስተካክላል፤ ፎቶው ይሞታል።

የቃሊቲዋ፦ ፎቶው ይሙት። ጉልት የምትሸጥ እናት ሳታውቅ ፊቷን ወስዶ መሄድ ነውር ነው።

የሱሉልታው፦ ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ካርቲየ-ብሬሶን ካሜራውን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖ አልነበር የሚያነሣው?

የቃሊቲዋ፦ እሱ ጎረቤቶችህ መካከል አልኖረም።

መልስ፦ ፕላስተር መለጠፉ እውነት ነው። እኔ ሰላምታ እሰጣለሁ፣ ካሜራውን አሳያለሁ፣ ሥራቸውን እስኪቀጥሉ እቆያለሁ፤ ከዚያ አነሣለሁ። ፎቶውን አትሜ የወሰድሁላቸው ሴት አሁን ቲማቲም ይመርቁልኛል። ወታደር፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ድልድይ አታንሡ። ክርክሩ እዚህ ያብቃ።

የለገጣፎው፦ ልጆቼ አይቆሙልኝም። ድርቡን አንድ እስካደርግ ሮጠው ይጠፋሉ።

መልስ፦ አታድርገው። በፀሐይ 200 ፊልም አስገባ፣ 1/500፣ ኤፍ 11፤ ሌንሱን 3 ሜትር ላይ አስቀምጠውና እርሳው። በ40 ሚሊሜትር ሌንስ ከ2 ሜትር ትንሽ ከሚያንስ ጀምሮ እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሦስት ሜትርን በእርምጃህ ለካና ዓይንህን አስለምደው፤ በግቢህ ከበሩ እስከ ውኃ በርሜሉ ስንት እንደሆነ እወቅ። 400 ፊልም ለሜዳ አትግዛ፤ ሻተሩ ከ1/500 ስለማያልፍ በእኛ ፀሐይ ኤፍ 16 ላይ ተጣብቀህ ትቀራለህ።

የሰበታው፦ ፊልም ከየት ይገኛል? ማጠቢያስ?

መልስ፦ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያምጣ። ለመንገደኛው ንገሩት፦ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አያስገባው፣ የዚያ ራጅ ኃይለኛ ነው፤ በእጁ ይዞ በእጅ እንዲፈተሽለት ይለምን። ጥቁርና ነጭ በ20 ዲግሪ ቤቴ አጥባለሁ። ከለር 38 ዲግሪ ላይ ሳይዋዥቅ መጠበቅ ይፈልጋል፤ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር አልሞክረውም።

የሱሉልታው፦ እሺ ጋሼ፣ በመጨረሻ ግን አንዱን ይምረጡልኝ።

መልስ፦ የምትመጣ ከሆነ ቅዳሜ የያዝከውን ይዘህ ና፤ ያልያዝከውን አልመርጥም።

የገላኗ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ልመለስ። ካሜራው ሲገዛም ክዳን አልነበረውም። ደግሞ መዘውሩ ሁልጊዜ «ኤ» ላይ ነበር።

መልስ፦ «ኤ» ላይ? እንግዲያው እኔ ነኝ የተሳሳትሁት፣ እኅቴ። ኦሊምፐሱ «ኤ»፣ ማለትም አውቶማቲኩ፣ ላይ ሆኖ ብርሃን ካነሰው አይተኩስም፤ ክዳን ቢኖርማ ቆልፎ አስቸግሮሽ ነበር። ከ36 በኋላ መሳቢያው ከበደሽ?

የገላኗ፦ ኧረ አልከበደኝም። እንዲያውም 40 ድረስ የሚሄድ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

መልስ፦ ፊልሙ አልያዘም ነበር። ጫፉ ከመጠቅለያው ሾልኮ 36 ጊዜ ባዶውን ስበሻል። አሁን ሌላ አስገቢ፤ ጫፉን ስንጥቁ ውስጥ አድርጊ፣ ክዳኑን ሳትዘጊ አንድ ጊዜ ሳቢ፣ ጥርሶቹ ሁለቱንም ጠርዝ መያዛቸውን እዪ፣ ከዚያ ዝጊው። በስተግራ ያለውን መመለሻ እስኪጠብቅ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ አዙሪ። ቀጥሎ ስትስቢ መመለሻው አብሮሽ መዞር አለበት። ዞረ?

የገላኗ፦ ዞረ!