ስለ ብራኪዮፖድ የጠየቃችሁኝ

ስለ ብራኪዮፖድ፣ ማለትም ሁለት ክዳን ባለው ቅርፊት ውስጥ ስለሚኖረው የባሕር እንስሳ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ደስ የሚሉ ጥያቄዎች መጡልኝ። በተራ ልሂድ።

ጥያቄ፦ የብራኪዮፖድን ፎቶ ሳየው ተራ የባሕር ዛጎል ነው። ከክላም (እሱም ባለ ሁለት ክዳን የውሃ እንስሳ ነው) በምን ይለያል?

መልስ፦ ዛጎሉን ከፊትህ አስቀምጠውና መሃሉ ላይ በሐሳብህ መስመር አስምር። ብራኪዮፖድ ከሆነ የእያንዳንዱ ክዳን ግራና ቀኝ እኩል ነው። የላይኛውና የታችኛው ክዳን ግን አይመሳሰሉም፤ አንዱ ይበልጣል። ክላም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፦ ሁለቱ ክዳኖች መንትያ ናቸው፣ እያንዳንዱ ግን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። የብዙዎቹ ብራኪዮፖዶች ትልቁ ክዳን ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለው። እንስሳው ድንጋይ ላይ የሚጣበቅበት ግንድ በዚያ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ቅሪተ አካላቸው ብዙ ጊዜ እንደተዘጋ የሚገኘው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። ክላም የሚዘጋው በጡንቻ ነው፤ የሚከፍተው ግን እንደ ላስቲክ የሚሠራ ጅማት ነው። ሲሞት ጡንቻው ይላላል፣ ጅማቱ ይከፍተዋል፣ ክዳኖቹም ይለያያሉ። ብራኪዮፖድ ግን ለመክፈትም ጡንቻ ያስፈልገዋል። ከሞተ በኋላ ማን ይክፈትለት? እንደተዘጋ ጭቃው ይቀብረዋል።

ጥያቄ፦ ዛሬም አሉ?

መልስ፦ አሉ እንጂ! ወደ 400 ዝርያዎች። በቅሪተ አካል የሚታወቁት ግን ከ12,000 በላይ ናቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ክላሞች አሸንፈዋቸው ነው?

መልስ፦ ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የቅሪተ አካል ተመራማሪዎቹ ስቲቨን ጄይ ጉልድና ብራድፎርድ ካሎዌይ የሁለቱን ብዛት በየዘመኑ አነጻጸሩ። አንዱ ሌላውን ቀስ በቀስ ሲገፋ አላዩም። ዋናው ምት የመጣው ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በፐርሚያን ዘመን ማብቂያ በደረሰው እልቂት ነው። ክላሞችም ተጎድተዋል፤ ግን ቶሎ አገገሙ። ስለዚህ «ተሸነፉ» ሲባል ቅር ይለኛል።

ጥያቄ፦ ሊንጉላ የሚባለው ብራኪዮፖድ ምንም ሳይለወጥ ኖሯል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ መልኩ ከጥንቶቹ ጋር ይመሳሰላል፤ ውስጡ ግን ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የጂኖሙ (የሙሉ ዘረመሉ) ጥናትም ለውጡ እንዳልቆመ አሳይቷል። ቅርፊቱ ደግሞ እንደ አጥንታችን ከካልሲየም ፎስፌት የተሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ሳይንቲስቶች ምን ይማሩባቸዋል?

መልስ፦ ለእኔ ትልቁ ነገር የጥንቱ ባሕር ሙቀት ነው። አብዛኞቹ ቅርፊታቸውን የሚሠሩት ካልሳይት ከሚባል የኖራ ድንጋይ ማዕድን ነው፤ በውስጡ ቀላልና ከባድ ኦክስጅን አለ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ከባዱ፣ ማለትም ኦክስጅን-18፣ ቅርፊቱ ውስጥ በርከት ይላል። የዚህ ዓይነቱ ካልሳይት በቀላሉ አይበላሽም፤ ስለዚህ በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት የሚቆጠር መረጃ ይዞ ይቆያል። ግን የውሃው የራሱ ኦክስጅንም ይለዋወጣል። በረዶ ሲበዛ ባሕሩ ውስጥ ከባዱ ይጨምራል። ይህን ሳያስቡ ሙቀቱን ማስላት ያሳስታል።

ጥያቄ፦ አንድ አገኘሁ፤ በኮምጣጤ ላጥበው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ኮምጣጤ ካልሳይትን ያሟሟል። ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ከማጠብሽ በፊት ግን ከየትኛው የድንጋይ ንብርብር እንዳወጣሽው ጻፊ፤ ያ ከጠፋ ዘመኑን ማወቅ ከባድ ነው።