ስለ ዌንዴል ስኮት ዋንጫ ለቀረበው ጥያቄ
ውድ ጠያቂ፣ ጥቁር አሜሪካዊው የመኪና ተወዳዳሪ ዌንዴል ስኮት በናስካር (በአሜሪካ ታዋቂ የመኪና ውድድር) አሸንፎ ሳለ ዋንጫውን ተነፍጓል የሚባለው እውነት ነው ወይ ላሉት መልሱ አዎን ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1963 በጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ፣ በተካሄደው ውድድር ስኮት ሁሉንም ቢቀድምም፣ አሸናፊ ተብሎ የታወጀውና ዋንጫውን የተቀበለው ነጩ ተወዳዳሪ ባክ ቤከር ነበር። ስኮት ሁለት ዙር ቀድሞ እንደ ነበር ዳኞቹ ያመኑት ከሰዓታት በኋላ፣ ተመልካቹ ወደየቤቱ ከተበተነ ወዲህ ነው። ምክንያቱ የዙር ቆጠራ ስሕተት ነው ተባለ፤ በዚያ ዘመን በነበረው የዘር መድልዎ ሲታይ ግን እኔ በበኩሌ ይህን ማስተባበያ ለመቀበል ይቸግረኛል። ቤተሰቡ ዋንጫውን በይፋ የተረከበው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን፣ እርሱ ካረፈ 31 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ነበር የቀረው።

ሥራውን በዚህ አንድ ቀን ብቻ መመዘን ግን አይገባም። የዳንቪል፣ ቨርጂኒያ፣ ተወላጁ ስኮት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ጦር ውስጥ በመካኒክነት ያገለገለ ሲሆን፣ በኋላም ያገለገሉ መለዋወጫዎችን እየገጣጠመ፣ መኪናውን በገዛ እጁ እየጠገነ፣ ልጆቹን ረዳት አድርጎ በከፍተኛው እርከን 495 ጊዜ ተወዳድሯል። እ.ኤ.አ. በ1973 በታላዴጋ፣ አላባማ፣ የደረሰበት ከባድ ግጭት የሩጫ ዘመኑን ቋጨው።