ቅርንፉዱ ሕመሙን አጠፋልኝ፤ ጥርሴን ልተወው?

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት ሴት ነኝ። የላይኛው መንጋጋ ጥርሴን ማመም ከጀመረኝ ሁለት ወር አልፎኛል። ማታ ማታ ቅርንፉድ ነክሼ እተኛለሁ፤ ዘይቱንም በጥጥ አድርጌ እይዝበታለሁ። ከሳምንት ወዲህ ሕመሙ ጠፍቶልኛል፤ ድዴ ላይ ግን ብጉር የመሰለ ነገር ወጥቷል። ቅርንፉዱን ልቀጥል? የላይኛው ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይጠፋል ስለሚባል ሐኪም ቤት አልሄድኩም።

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ቅርንፉድ ነው፤ ሁለት ወር ቤት ያስቀመጠዎት ግን የዓይንዎ ነገር ነው። ከእሱ ልጀምር። ጥርስ በመነቀሉ ዓይን አይጠፋም። የምናይበት ነርቭ ከዓይን ተነሥቶ በቀጥታ ወደ አንጎል ይገባል፤ ከጥርስ ጋር አይገናኝም። የላይኛው ጥርስ ሕመም የሚተላለፈው በሌላ ነርቭ ነው። ይኸው ነርቭ የጉንጭንና የታችኛውን የዓይን ቆብ ስሜትም ስለሚሸከም፣ ጥርስ ሲያመን ዓይናችን ሥር ድረስ ይጠዘጥዘናል። ሰው ጥርሱና ዓይኑ በአንድ ጅማት የተያዙ ቢመስለው አልፈርድበትም። ነገር ግን ዓይኔን ላድን ብሎ የበሰበሰ ጥርስ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ያሳዝነኛል። ለዓይን የሚያሰጋው እዚያው የቀረው ጥርስ ነው፤ የላይኛው ጥርስ መግል፣ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም፣ ወደ ዓይን ጉድጓድ ሊዘልቅ ይችላል። ጉንጭዎ አብጦ ዓይንዎን መሸፈን ከጀመረ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍዎን መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ ካቃተዎት እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ቅርንፉድ ያደነዝዛል፤ በዚህ አልተሳሳቱም። ዛሬ ከዛንዚባር እስከ ኢንዶኔዥያ የሚለቀመው ይህ ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ዩጂኖል የሚባል ቅባት አለው፤ የጥርስ ሐኪሞችም ለጊዜያዊ መሙያ ይጠቀሙበታል። የጥርስ ክሊኒክ ሽታ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚለው ለዚህ ነው። ነገር ግን ሥሩ ውስጥ ያለውን መግል አያወጣም። ዘይቱ ደግሞ ድድ ያቃጥላል፤ ይተዉት፤ ጠርሙሱንም ከልጆች ያርቁ። አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ የዋጠ ሕፃን ጉበቱ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ሕመሙ ጠፋልኝ ያሉት ነው ያስደነገጠኝ። ሁለት ወር ያመመ ጥርስ በድንገት ጸጥ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ ነርቩ ሞቷል ማለት ነው። ያ ብጉርም መግሉ የሚወጣበት ቀዳዳ ነው። አያፍርጡት። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊንም እባክዎ አይጀምሩ፤ ሕመሙን ጥቂት ቀን ያስታግስና ሌላ ሁለት ወር ያስቀምጥዎታል።

በዚህ ሳምንት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ለሚቀጥለው አይበሉ። መነቀሉም ገና የተቆረጠ ነገር አይደለም፤ የሥር ሕክምና ተደርጎለት የሚተርፍ ጥርስ ብዙ ነው። ቢነቀልም ጉንጭዎ ለጥቂት ሰዓታት ደንዝዞ ይመለሳል። ሻይዎ ላይ የሚጨምሩትን ቅርንፉድ ግን ማንም አይከለክልዎትም።