ለ80ኛው ቀን ክርስትና ቪዛው ይደርሳል?

ጥያቄ፦ እትዬ ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ጀርመን ፍራንክፈርት ነው የምትኖረው፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በነርስነት ትሠራለች። በዚህ ወር መጨረሻ የመጀመሪያ ልጇን ትወልዳለች፤ ሴት እንደሆነች ነግረዋታል። «እማዬ ለክርስትናው ትድረስልኝ» እያለች በደወለች ቁጥር ታለቅሳለች። እናታችን 61 ዓመቷ ነው። ጡረተኛ ናት፤ ከግቢያችን ሁለት ክፍል አከራይታለች፤ ከአገር ወጥታ አታውቅም። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ዘንድ ሄደን «ጀርመን አይሰጡም፤ በጣሊያን በኩል በቱሪስት ትግባ፤ ሮም ሆቴል ይያዝላትና ከዚያ በባቡር ትሄዳለች» አለን። አካውንቷ ላይም 800 ሺህ ብር ለአንድ ወር እንዲቀመጥና ገንዘቡንም በወለድ እሱ ራሱ እንደሚያበድረን ነገረን። ምን ይመክሩናል?
ሰ.መ.፣ ከጉለሌ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አስቀድሜ ለእህትህ፦ ማርያም በሽልም ታውጣት። ደብዳቤህ እጄ እንደገባ ደውዬ ዋና ዋናውን ነግሬሃለሁ፤ መጽሔቱ እስኪታተም መጠበቅ አይቻልምና። እዚህ የምጽፈው አንተ ያለህበት ጭንቀት ውስጥ ያሉ ብዙ ቤተሰቦች ስላሉ ነው።

ቀኑን እንቁጠር። ደብዳቤህ የተጻፈው ወሩ በገባ በ8 ነው። እህትህ በ30 ብትወልድ፣ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ስለሆነ ደብዳቤህ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ 102 ቀን አላችሁ። ከዚህ ላይ 45 ቀን ቀንስ። እኔ ትኬት ቢሮ ሥራ ስጀምር የሸንገን፣ ማለትም ጀርመንና ጣሊያንን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት ቪዛ፣ ማመልከቻ በ15 ቀን መልስ ያገኝ ነበር። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ላይ ገደብ ጣለ፤ ምክንያቱም መንግሥታችን ያለ ፈቃድ አውሮፓ የሚኖሩ ዜጎቹን በመመለስ ረገድ አልተባበረም የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ መደበኛው የመልስ ጊዜ 45 ቀን ሆነ። ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ቀረ። ከሚጠየቁት ሰነዶች «ይህቺ ትቅርላቸው» ማለትም ቀረ። የእናትህ ጥፋት አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ለሰነድና ለቀጠሮ የሚተርፋችሁ 57 ቀን ነው። ይበቃል፤ ግን «ትውለድና እናያለን» የሚባልበት ጊዜ የለም። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ጀምሮ ይገባል፤ ልጅቷ እስክትወለድ መጠበቅ አያስፈልግም። የእህትህ ሐኪም የመውለጃ ቀኗን የሚገልጽ ወረቀት ይስጣትና ከሰነዱ ጋር ይያያዝ።

አሁን ስለ ሮም። «ቱሪስት ቪዛ» የምንለውና ቤተሰብ ለመጠየቅ የሚሰጠው ቪዛ አንድ ዓይነት ነው፤ ከ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን የሚያስቆይ የአጭር ጊዜ ቪዛ። ልዩነቱ ቅጹ ላይ የጉዞው ዓላማ በተጠየቀበት ቦታ የምታደርጉት ምልክት ነው። ቤተሰብ ወይም ወዳጅ መጠየቅ የሚል ሳጥን እያለ፣ እናትህ የልጅ ልጃቸውን ሊያቅፉ እየሄዱ፣ ቱሪዝም የሚለው ላይ ለምን ምልክት ይደረጋል? ማመልከቻው የሚገባው ደግሞ ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው፤ ሕጉ እንደዚያ ነው የሚለው። እናትህ የሚቆዩት ፍራንክፈርት ነው፤ ስለዚህ የሚያመለክቱት ለጀርመን ነው። በጣሊያን ቪዛ ሮም ቢወርዱ ድንበር ላይ ያለው ፖሊስ «የት ነው የሚያርፉት? ስንት ቀን?» ብሎ ሊጠይቃቸው ይችላል። ከአገር ወጥተው የማያውቁ ሴት አይተውት የማያውቁትን ሆቴል ስም እንዴት ይዋሻሉ? ውሸት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ቪዛው እዚያው ሊሰረዝ ይችላል።

ስለ 800 ሺህ ብሩ የራሴን ቤት ነገር ልንገርህ። በ2009 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜ አንድ የአውሮፓ አገር ሊያገባ ነበር። እኔ ትኬት ቢሮ እየሠራሁ፣ አሠራሩን እያወቅሁ፣ ሠርግ ነው በሚል ጥድፊያ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ያለንን ሰማን። እናቴ ትንሽ ሱቅ ነበራት። በባንክ ደብተሯ ላይ 300፣ 500፣ 1,200 ብር እያለ ለዓመታት የሚገባ የሚወጣ ገንዘብ ነበር፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ በአንድ ቀን 300 ሺህ ብር ተቀመጠ። ቪዛ ማመልከቻው መስኮት ጋ የነበረችው ሴት ጣቷን እዚያች መስመር ላይ አድርጋ «ይህ ገንዘብ ከየት ነው?» አለቻት። እናቴ መዋሸት የማትችል ሰው ነበረች። ዝም አለች። ቀጥላም «ልጆቼ ያውቃሉ» አለች። ተከለከለች። ከሽሮ ሜዳ ያሠራችው ባለ አረንጓዴ ጥለት ቀሚስ ከነላስቲኩ ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ፤ እስክታርፍ ድረስ አልለበሰችውም። ያንን ደብተር እንዳለ ብናቀርበው ይሰጧት ነበር ብዬ አልምልም። ግን እውነተኛ ኑሮዋ ደብተሩ ላይ ነበር፤ ያበላሸንባት እኛ ነን።

የእናንተ ጉዳይ ከኛ ይሻላል። እህትህ በደመወዝ የምትኖር ሠራተኛ ናት። በከተማዋ የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት ቀጠሮ ትያዝና የእናቷን የቆይታ ወጪ እሷ እንደምትሸፍን ፈርማ የኃላፊነት መውሰጃ ሰነድ ታውጣ፤ ጀርመኖቹ ፈርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ ይሉታል። ክፍያው 29 ዩሮ ነው፤ የደመወዝ ወረቀቶቿንና የቤት ኪራይ ውሏን ይዛ ትሂድ። ዋናው ቅጂ እዚህ መድረስ አለበት። በኢሜይል የተላከ ፎቶ አያገለግልምና አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ወይም በፈጣን መልእክት ዛሬውኑ ይታሰብበት። ይህ ካለ የእናትህ ሒሳብ ትንሽ መሆኑ አያስፈራ። የጡረታ አበላቸው በየወሩ ሲገባ የሚያሳየውን የባንክ ስቴትመንት እንዳለ አቅርቡ፤ የጡረታ መታወቂያቸውን፣ የቤቱን ካርታ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ የኪራይ ውል ጨምሩበት። የኪራይ ውሉ በቃል ብቻ ከሆነ አሁኑኑ በወረቀት ይሁን። ቆንስላው ማወቅ የሚፈልገው «እኚህ ሴት ወደ ምን ይመለሳሉ?» የሚለውን ነው፤ ቤታቸውና ጡረታቸው መልሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ቆም በል። ፈረንጅ እናትና ልጅን በቤተሰብ ስም ያገናኛል። በእኛ ግን የእህትህ ፓስፖርት ላይ ያለው የአባቷና የአያቷ ስም ነው፤ የእናትህ ፓስፖርት ላይ ደግሞ የራሳቸው አባት ስም። ሁለቱን ፓስፖርቶች ጎን ለጎን ያየ ሰው ዝምድናቸውን የሚያውቅበት ምንም መንገድ የለም። ስለዚህ የእናት ስም የተጻፈበት የእህትህ የልደት ምስክር ወረቀት ከሁሉም ይበልጣል። ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ አውጡት፤ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ። ስትረከቡም ከመስኮቱ ሳትለቁ በላቲን ፊደል የተጻፈውን የእናትህን ስም ከፓስፖርታቸው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ወይንሸት የሚለው ስም አንዱ ላይ ከደብልዩ ቀጥሎ በኦ፣ ሌላው ላይ በኢ ተጽፎ ስንት ሰው ሁለት ሳምንት ሲመላለስ አይቻለሁ። ለአንተ ሁለት ሳምንት ማለት ክርስትናው ነው።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። ፓስፖርታቸው ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የወጣ፣ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። ፎቶው 35 በ45 ሚሊ ሜትር ነው። የጉዞ የጤና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና የቆይታውን ቀን በሙሉ የያዘ መሆን አለበት። የቪዛው ክፍያ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ወዲህ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ትኬት ግን ቪዛ ሳይመታ አትግዙ። ትኬት ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ ይህን የምልህ፤ ለማመልከቻው ቦታ የተያዘበት ወረቀት ይበቃል።

ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ እንደሆነ ለእናትህ አስረዳቸው። ለንደን ዘመድ አለ ብለው «ጎራ ብዬ ልምጣ» እንዳይሉ፤ እንግሊዝ ሸንገን ውስጥ የለችም፤ የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች፤ ከወጡ ደግሞ ጀርመን ተመልሰው አይገቡም። አውሮፓ ድንበር ላይ ከፈረንጆቹ ኦክቶበር 2025 ጀምሮ የመግቢያና የመውጫ ቀን በኮምፒውተር መመዝገብ ተጀምሯል፤ ፎቶና አሻራ ይወስዳሉ፤ እንዳይደነግጡ አስቀድመህ ንገራቸው። የእህትህን ስልክ፣ አድራሻና የኢንሹራንሱን ቅጂ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳቸው ይያዙ።

ንጥር ቅቤውን አውቃለሁ፤ ለአራስ ገንፎ ሳይዙ መሄድ ለእናት ይከብዳል። ግን የሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ቅቤውም ቋንጣውም አየር ማረፊያ ይቀራል። እህትህ እዚያው ቅቤ ገዝታ ታንጥረው። ኮረሪማውንና ኮሰረቱን እናትህ ይዘውላት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከሁለት ዓመት በፊት ለጀርመን ቪዛ አመልክቼ ተከልክያለሁ። አሁን ፓስፖርቴ አዲስ ነው። ጓደኞቼ «እንደ አዲስ አመልካች ሁኚ፤ የድሮውን አታንሺ» ይሉኛል። ልደብቀው?
ሀ.ተ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ አትደብቂ እህቴ። ፓስፖርትሽ ቢቀየርም አሻራሽ አልተቀየረም። ያኔ የሰጠሽው አሻራ በሸንገን አገሮች የጋራ የቪዛ መዝገብ ውስጥ አለ፤ ቅጹም ራሱ ከዚህ በፊት አሻራ ሰጥተሽ እንደሆነ ይጠይቃል። የለም ብለሽ ብትጽፊ ሁለተኛው ክልከላ የሚመጣው በውሸቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

የዚያን ጊዜውን የመከልከያ ወረቀት አውጪና አንብቢው። ምክንያቱ ምልክት ተደርጎበታል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ቪዛሽ ሳያልቅ ለመመለስሽ አጠራጣሪ ነው» የሚለው ነው። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ? ሥራ ይዘሻል? ንግድ ፈቃድ አውጥተሻል? ግብር ከፍለሻል? የተለወጠ ነገር ካለ በአንድ ገጽ ደብዳቤ «በዚህ ቀን አመልክቼ በዚህ ምክንያት ተከልክዬ ነበር፤ አሁን ሁኔታዬ ይህ ነው» ብለሽ ማስረጃውን አያይዢ። ምንም ያልተለወጠ ከሆነ 90 ዩሮሽን ለጊዜው አስቀምጪው።

ድሮ የተከለከለ ሰው ለኤምባሲው ራሱ የቅሬታ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ጀርመን ይህን አሠራር ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሁሉም አገር አስቀርታዋለች። አሁን ያለው መንገድ በአንድ ወር ውስጥ በርሊን ለሚገኘው የአስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ ወይም እንደገና ማመልከት ነው። «በቅሬታ አስለውጥልሻለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው ካለ የቀረ ነገር ነው የሚሸጥልሽ።

ጥያቄ፦ ሪያድ በቤት ሠራተኝነት እሠራለሁ፤ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) አለኝ። ፓሪስ ያለችውን እህቴን ለመጠየቅ የግድ አዲስ አበባ መጥቼ ማመልከት አለብኝ?
እ.ገ.፣ ከሪያድ

መልስ፦ የለብሽም። ማመልከቻ የሚገባው በሕጋዊ መንገድ በምትኖሪበት አገር ነው፤ ኢቃማሽ ካልተቃጠለ ሪያድ ሆነሽ ለፈረንሳይ ታመለክቻለሽ። 45 ቀኑ ግን ፓስፖርትሽን ተከትሎ እዚያም ይመጣል፤ ኢትዮጵያዊ ለሆነ ሁሉ ነውና። ፈቃድ የምትወስጂበትን ወር ከአሠሪዎችሽ ጋር ቀደም ብለሽ ተነጋገሪ፤ ፈቃድ እንደሰጡሽና ወደ ሥራሽ እንደምትመለሺ የሚገልጽ ደብዳቤም ይጻፉልሽ። ፓስፖርትሽ በእነሱ እጅ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ተቀበዪ፤ ፓስፖርት ሊያዝ የሚገባው በባለቤቱ እጅ ነው።